ማውሱን ሳይሆን ትእዛዙን፦ የኮምፒውተር ስትራቴጂ ጌምን በእጅ ለሚያዝ ማጫወቻ እንዴት እናስማማዋለን?

ኢንተርኔት ቤት በሰዓት እየከፈለ «ኮማንድ ኤንድ ኮንከር» ወይም «ሬድ አለርት» የተጫወተ ሰው እጁ አይረሳውም። ቀኝ እጅ ማውስ ላይ፣ ግራ እጅ ቁጥሮቹ ላይ። ታንኮቹን በሳጥን መክበብ፣ ጠላት ላይ ክሊክ ማድረግ፣ ወደ ጎን ሄዶ ሌላ ታንክ ማዘዝ። ሁሉም በሁለት ሦስት ሰከንድ። አሁን ያንኑ ጌም ስክሪኑ ከባንክ ካርድ የሚያንስ፣ ሁለት አውራ ጣት ብቻ የሚሠራበት ዕቃ ላይ ማምጣት ፈለግን እንበል።

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይቺ ትንሽ ዕቃ ትችለዋለች ወይ?» ብሎ ነው። ትችለዋለች። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የመጀመሪያው ኮማንድ ኤንድ ኮንከር፣ «ታይቤሪያን ዶውን»፣ በ8 ሜጋባይት ራም ይሠራ ነበር። ዛሬ ርካሽ የምንለው ማጫወቻ 1 ጊጋባይት ይዟል። ችግሩ ያለው እጅ ላይ ነው።

እኔም የተሳሳትኩት እዚያው ላይ ነው። በአውራ ጣት የሚገፋው ስቲክ ጠቋሚውን እንዲነዳ አደረግኩና ጨረስኩ ብዬ ተደሰትኩ። አንድ ተልእኮ ጀመርኩ። አምስት ወታደሮቼን በሳጥን ለመክበብ ስታገል አምስቱም አለቁ። ጠቋሚው ገና መንገድ ላይ ነበር። የዚህ መመሪያ ነገር በሙሉ ከዚያች ሽንፈት የመጣ ነው፦ የምታዛውሩት ማውሱን ሳይሆን በማውሱ የሚሰጠውን ትእዛዝ ነው።

ምን ያስፈልጋል?

ሶርስ ኮዱ (ፕሮግራመሮቹ የጻፉት ጽሑፍ) የተለቀቀ ጌምና በሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ነጻ ሥርዓት) የሚሠራ ማጫወቻ።

ጌሙን በተመለከተ ምሳሌዬ ታይቤሪያን ዶውን ነው። የሠራው የላስ ቬጋሱ ዌስትዉድ ስቱዲዮስ ነው። አሁን ባለቤቱ ኢኤ (ኤሌክትሮኒክ አርትስ) የሚባለው የጌም ኩባንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የዚህንና የሬድ አለርትን ኮድ ማንም እንዲቀይረውና እንዲያከፋፍለው በሚፈቅደው በጂፒኤል 3 ፈቃድ ለቀቀ። ከዚያ ኮድ ተነሥቶ «ቫኒላ ኮንከር» የሚባል የፈቃደኞች ፕሮጀክት ተጀመረ። አሴምብሊ በሚባለው የድሮ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈውን ሲ ፕላስ ፕላስ ወደሚባለው ቋንቋ ቀየሩት፤ ስክሪኑን፣ ድምፁንና ቁልፎቹን ኤስዲኤል2 በሚባል ዝግጁ የኮድ ስብስብ አማካይነት እንዲሠሩ አደረጉ። የእናንተ ሥራ የሚጀምረው እነሱ ካደረሱት ነው። ከዜሮ ልጀምር የሚል ጀግና ካለ አላቆመውም፣ ግን ዓመቱ ያልቅበታል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮዱ ነጻ ሆነ ማለት ሥዕሉ፣ ድምፁና ተልእኮዎቹ ነጻ ሆኑ ማለት አይደለም። ኢኤ እ.ኤ.አ. በ2007 ጌሙ በነጻ እንዲወርድ ፈቅዶ ነበር። ያ ግን የጌሙን ፋይሎች ከራሳችሁ ሥራ ጋር ጠቅልላችሁ እንድታከፋፍሉ ፈቃድ አይሆንም። እናንተ ፕሮግራሙን ትሰጣላችሁ፤ ተጫዋቹ የጌሙን ፋይሎች ራሱ ያመጣል። ፕሮግራሙን ስታከፋፍሉም የቀየራችሁትን ኮድ አብራችሁ መስጠት አለባችሁ፤ ጂፒኤል የሚለው ይህንኑ ነው።

ማጫወቻውን በተመለከተ አንበርኒክ አርጂ35ኤክስኤክስ ኤች የሚባለውን እንውሰድ። 3.5 ኢንች ስክሪን፣ 640 በ480 ፒክስል፣ ሁለት ስቲክ፣ ዲ-ፓድ (የመስቀል ቅርጽ ያለው የአራት አቅጣጫ ቁልፍ)፣ ከፊት አራት ቁልፍ (ኤ፣ ቢ፣ ኤክስ፣ ዋይ)፣ ከላይ አራት ቁልፍ (በግራ ኤል1ና ኤል2፣ በቀኝ አር1ና አር2)። ስቲም ዴክ የሚባለው ተለቅ ያለ ማጫወቻ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። 7 ኢንች ስክሪንና ሁለት የንክኪ ሰሌዳ ስላለው ከሚቀጥለው ግማሹን ብትዘሉት ያዋጣችኋል።

ኮድ ከመንካታችሁ በፊት ወረቀት

ጌሙን ኮምፒውተር ላይ ለሃያ ደቂቃ ተጫወቱ። አጠገባችሁ ወንድም፣ እህት ወይም ጓደኛ አስቀምጡ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዝ። ትእዛዝ በሰጣችሁ ቁጥር ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ እሱ መስመር ያስምር። «መረጥኩ።» «ሂድ።» «አጥቃ።» «ታንክ አዘዝኩ።» «ካርታውን አንቀሳቀስኩ።» ያስቃል፤ ቤተሰብ «ምን ነካው?» ይላል። ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

ሲያልቅ ወረቀቱን በሦስት ክፈሉት። በየቅጽበቱ የሚሰጥ ትእዛዝ አለ፦ መምረጥ፣ መላክ፣ ማጥቃት፣ ካርታ ማንቀሳቀስ። በየደቂቃው የሚሰጥ አለ፦ መገንባት፣ ጦር ማዘዝ፣ ቡድን መጥራት፣ ወደ ሰፈር መመለስ። በጨዋታው አንዴ ሁለቴ የሚሰጥ ደግሞ አለ፦ ሕንጻ መሸጥ፣ መጠገን፣ ጦሩን መበተን። የመጀመሪያዎቹ እያንዳንዳቸው ብቻውን የሚሠራ ቁልፍ ይገባቸዋል። ሁለተኛዎቹ ከላይኛው ቁልፍ ጋር ተጣምረው ይመጣሉ። ሦስተኛዎቹ ዝርዝር ውስጥ ይግቡ፤ ማንም አይናፍቃቸውም። ወረቀቱን አትጣሉት፤ ቁልፍ ስትመድቡ ትመለሱበታላችሁ።

ኮምፓይል ማድረግ

ኮዱን መጀመሪያ እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ኮምፓይል አድርጉ፣ ማለትም ወደሚሠራ ፕሮግራም ለውጡት። ሲሜክ (ኮምፓይል ማድረጉን የሚያሰናዳ መሣሪያ)፣ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር እና ኤስዲኤል2 ይበቃሉ። በኮምፒውተር ሳይሠራ ወደ ማጫወቻው አትሂዱ፤ ስህተቱ የኮዱ ይሁን የዕቃው ሳታውቁ ከድጡ ወደ ማጡ ትገባላችሁ። ከሠራ በኋላ ለ64 ቢት አርም (የማጫወቻው ፕሮሰሰር ዓይነት) በሚያዘጋጅ ኮምፓይለር ድገሙት።

እዚህ ጋ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው የቁጥር መጠን ነው። የድሮው ኮድ የተጻፈው ለ32 ቢት ነው። «ሎንግ» የሚባለው የቁጥር ዓይነት በዊንዶውስ 4 ባይት ሲሆን በ64 ቢት ሊኑክስ ግን 8 ባይት ነው። ከፋይል 4 ባይት ማንበብ የነበረበት መስመር 8 ካነበበ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባል። ቫኒላ ኮንከር ይህን አስተካክሏል። ሌላ የድሮ ጌም ከመረጣችሁ ግን መጠኑ ቁርጥ ያለ የቁጥር ዓይነት በመጠቀም እናንተው ታስተካክሉታላችሁ።

ሁለተኛው ያሳፍራል። ዊንዶውስና ዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሥርዓት) የፋይል ስም በትልቅ ፊደል ተጻፈ በትንሽ ግድ የላቸውም። ሊኑክስ ግድ አለው። ሁለት ምሽት ጥቁር ስክሪን ላይ ተፋጥጬ አምሽቻለሁ፤ ኮዱን ገለባበጥኩት፣ ኮምፓይለሩን ረገምኩ። የፋይሎቹ ስም ፕሮግራሙ በማይጠብቀው ፊደል ተጽፎ ነበር፣ አለቀ። ስለዚህ የጌሙን ፋይሎች ስም አንድ ወጥ አድርጉ። ፕሮግራሙ ፋይል ሲያጣም ዝም ብሎ ከመጥቆር ይልቅ የጎደለውን ስም ስክሪኑ ላይ ይጻፍ። ተጠቃሚዎቻችሁ ይመርቋችኋል።

ስክሪኑ፦ የጤፍ ፍሬ የሚያህል ወታደር

ከወረቀት 7.1 በ5.3 ሴንቲሜትር ቆርጣችሁ አውጡና ቀዳዳውን ኮምፒውተራችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩ። 3.5 ኢንች ስክሪን ማለት ያቺ ናት።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 640 በ480 ስክሪን ከጥግ ጥግ 800 ፒክስል ነው። ለ3.5 ሲካፈል በአንድ ኢንች ወደ 229 ፒክስል ይመጣል። የተለመደው ባለ 24 ኢንች ሞኒተር 1920 በ1080 ሆኖ በኢንች 92 ገደማ ነው። ስለዚህ ያው ሥዕል እጃችሁ ላይ ሲመጣ ቁመቱም ስፋቱም ከግማሽ በታች ይወርዳል።

የታይቤሪያን ዶውን ካርታ 24 በ24 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች የተከፋፈለ ነው። አንድ ካሬ አምስት እግረኛ ወታደር ይይዛል። ለዊንዶውስ የወጣው ቅጂ ስክሪኑ 640 በ400 ነው። እሱን ሳታሳድጉ ካመጣችሁት አንድ ካሬ 2.7 ሚሊሜትር ይሆናል። ወታደሩ የጤፍ ፍሬ አከለ ማለት ነው። የዶሱ ቅጂ ግን 320 በ200 ነው። እጥፍ ሲደረግ ካሬው 5.3 ሚሊሜትር ይሆናል። ወታደሩ ይታያል፤ ታንኩ የቱ አቅጣጫ እንደዞረ ይለያል።

ይህ በነጻ አይገኝም። በዊንዶውሱ እይታ ከካርታው 20 በ16 ካሬ ገደማ ይታያል። በዶሱ 10 በ8 ብቻ። ሩቡን ብቻ ታያላችሁ ማለት ነው። እኔ የዶሱን መርጫለሁ። ያልታየውን በካርታ ማንቀሳቀሻ ማካካስ ይቻላል፤ ያልተለየ ወታደርን ግን በምንም አታካክሱትም።

ይቀጥላል። 320 በ200 እጥፍ ሲሆን 640 በ400 ነው። ስክሪናችን 480 መስመር ስላለው 80 መስመር ይተርፋል። በጥንቱ ሞኒተር ሥዕሉ ወደ ላይ ተለጥጦ ስክሪኑን ይሞላ ስለነበር ለጥጡት የሚል አይጠፋም። ቅርጹ ልክ ይሆናል፤ ግን 200 መስመር ወደ 480 ሲሄድ 2.4 እጥፍ ነው። አንዳንዱ መስመር ሁለቴ፣ አንዳንዱ ሦስቴ ይሳላል። ካርታው ሲንቀሳቀስ ይህ ዓይን ይወጋል። እኔ አልለጠጥኩም። የተረፈውን 80 መስመር ከታች አድርጌ «ኤ ሂድ፣ ቢ ተው» የሚል የቁልፍ ማስታወሻ ሰጠሁት። ተጫዋቹ የያዘው ቁልፍ ሲቀየር ጽሑፉም ይቀየራል። ከሠራሁት ሁሉ ሰው የወደደው ይህን ነው።

ትእዛዝ የሚገባበትን በር ፈልጉ

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ይህ ጌም በኔትወርክ ሲጫወቱት ኮምፒውተሮቹ የታንኮቹን ቦታ አይላላኩም። የሚላላኩት ትእዛዝ ብቻ ነው፦ «ይህ ታንክ ወደዚያ ካሬ ይሂድ»። የቀረውን እያንዳንዱ ኮምፒውተር ራሱ ያሰላል። ስለዚህ ኮዱ ውስጥ ትእዛዝ ሁሉ ተሰልፎ የሚያልፍበት አንድ በር አለ። በማውስ የመጣም፣ በኪቦርድ የመጣም ትእዛዝ መጨረሻው እዚያ ነው።

የእናንተ የቁልፍ ኮድ ያንን በር ያንኳኳ። «የውሸት ማውስ እዚህ ድረስ ውሰድ፣ የውሸት ክሊክ አድርግ» የሚል ኮድ አትጻፉ። የውሸት ክሊክ ካርታው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይስታል። በበሩ የገባ ትእዛዝ ግን አይስትም፤ የኔትወርክ ጨዋታውም አይበላሽም።

ሌላም መልካም ነገር አለ። ጌሙ ራሱ «ጠቋሚው እዚህ ነገር ላይ ሲሆን ምን ይደረግ?» ብሎ የሚወስን ክፍል አለው። የራስህ ወታደር ላይ ከሆነ ምረጥ፣ ጠላት ላይ ከሆነ አጥቃ፣ ባዶ መሬት ከሆነ ሂድ። በኦሪጂናሉ ሦስቱም በግራ ክሊክ ናቸው፤ ቀኝ ክሊክ ምርጫን ይሰርዛል። ለእኛ ይህ ሎተሪ ነው። ኤ ሁሉን ያደርጋል፣ ቢ ይተዋል። ኤስዲኤል2 ኤ የሚለው ከታች ያለውን ቁልፍ መሆኑን ግን አትርሱ። አንበርኒክ ላይ ኤ የተጻፈበት በቀኝ በኩል ያለው ነው። ካልገለበጣችሁት ተጫዋቹ «አጥቃ» ሲል ምርጫው ይሰረዝበታል።

አውራ ጣቶቹ

ግራ ስቲክ ጠቋሚውን፣ ቀኝ ስቲክ ካርታውን ያንቀሳቅስ። ስቲክ ሳይነካም ትንሽ ስለሚንቀጠቀጥ መሃሉ ላይ ያለውን ጥቂት እንቅስቃሴ ቁጥር ውስጥ አታስገቡት። ፍጥነቱን ደግሞ ከግፊቱ ጋር እኩል አታሳድጉት። የግፊቱን መጠን በራሱ አባዙት፦ ግማሽ የተገፋ ስቲክ የሙሉውን ሩብ ፍጥነት ይሰጣል። በቀስታ ሲገፉት ጠቋሚው ይታዘዛል፣ እስከ መጨረሻው ሲገፉት ይበራል። እኔ ሙሉ ሲገፋ ስክሪኑን በአንድ ሰከንድ እንዲያቋርጥ አድርጌ ወደድኩት።

ከዚያ ማግኔት ጨምሩ። ስቲኩ ሲለቀቅ ጠቋሚው በአንድ ካሬ ርቀት ውስጥ ያለ ጦር ካገኘ እሱ ላይ ይረፍ። ስቲኩ እየተገፋ ሳለ ግን ማግኔቱ አይሥራ፤ ከተጫዋቹ ጋር ይታገላል።

በሳጥን መክበብን እርሱት። አር1 አንዴ ሲነካ ስክሪኑ ላይ ያለው ተዋጊ ሁሉ ይመረጥ። «ተዋጊ» ያልኩት በምክንያት ነው። መጀመሪያ «ሁሉም ጦር» ብዬ ጽፌ ነበር። ታይቤሪየም (በጌሙ ገንዘብ የሚሆነውን ማዕድን) የሚሰበስበው መኪና፣ ሃርቬስተርም፣ አብሮ ተመርጦ ግንባር ዘመተ። ገቢዬ ቆመ፤ ለምን እንደቆመ የገባኝ ሃርቬስተሩ በጠላት ሰፈር ውስጥ ሲፈነዳ ነው። ሃርቬስተሩንና ሰፈር የሚተክለውን መኪና አስወጧቸው። ጥቂቶችን ብቻ ለመምረጥ ደግሞ ኤ ተጭኖ ሲቆይ ከጠቋሚው ዙሪያ ክብ እያደገ ይሂድ፤ ክቡ የነካው ይመረጥ።

ለቡድን ኤል2 ከዲ-ፓዱ ጋር። አራት አቅጣጫ፣ አራት ቡድን። ተጭኖ ማቆየት ቡድን ይሠራል፣ አንዴ መንካት ይጠራል፣ ሁለቴ መንካት ካርታውን ወደ እነሱ ይወስዳል። ኪቦርድ ላይ ከዚህ በላይ ቡድን አለ፤ አልናፈቀኝም።

ግንባታው ብዙ አሳስቦኛል። በኮምፒውተር ጠቋሚው የሚታዘዙት ነገሮች ሥዕል ወደተደረደረበት የቀኙ ዓምድ ይሄዳል። በስቲክ ግን ያ ረጅም ጉዞ ነው። ስለዚህ ኤል1 ሲጫን ዓምዱ ይንቃ፤ ዲ-ፓዱ ከሥዕል ወደ ሥዕል ይዝለል፤ ኤ ይዘዝ። ሕንጻው ሲያልቅ ደግሞ ዲ-ፓዱ ካርታው ላይ ካሬ በካሬ ያንቀሳቅሰው። እዚህ ላይ ዲ-ፓድ ከማውስ ይበልጣል፣ በእውነት። ሕንጻ የሚተከለው በካሬ ስለሆነ አንድ ጭነት አንድ ካሬ ነው፤ አይንሸራተትም።

አንድ የራሴን ነገር ጨመርኩ። በታይቤሪያን ዶውን ጦር በሰልፍ አይታዘዝም። አንዱ ታንክ ሲወጣ ተመልሳችሁ ሌላውን ታዛላችሁ። ማውስ ለያዘ ሰው ቀላል ነው፤ አውራ ጣት ግን ይደክማል። አር2 ከኤ ጋር ሲጫን የመጨረሻውን ትእዛዝ ይድገም አልኩ። ዓምዱን መክፈት የለም። ማስተካከል ከኦሪጂናሉ ትንሽ መራቅን ከጠየቀ ራቁ፤ የጌሙን ሚዛን ግን አትንኩ። ዋጋና ጉልበት የተሠሩት ለጌሙ ነው፣ ለእጃችሁ አይደለም።

ሰዓት፣ ባትሪ፣ ሴቭ

የዚህ ጌም ልብ በሰከንድ 15 ጊዜ ይመታል። ስክሪኑ 60 ጊዜ ስለሚሳል ልቡንም ወደ 60 ልውሰደው አትበሉ፤ ታንኩ ሞተር ሳይክል ይሆናል። ሥዕሉንና ሒሳቡን ለዩ። ጠቋሚውና ካርታው በየሥዕሉ ይንቀሳቀሱ፣ ጦርነቱ በ15ቱ ይቀጥል። ለጀማሪ ደግሞ የጌሙን ፍጥነት አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጋችሁ አስጀምሩ።

የድሮ ጌሞች ቀጣዩን ምት ሲጠብቁ ዝም ብለው ይሽከረከራሉ፤ ፕሮሰሰሩ አያርፍም። ሶኬት ላይ ለተሰካ ኮምፒውተር ግድ የለም። እዚህ ግን ባትሪ ይበላል፣ እጅም ያሞቃል። በምቶቹ መሃል ፕሮግራሙ ይተኛ።

በእጅ የሚያዝ ዕቃ ታክሲ ሲመጣ ይዘጋል። ስለዚህ የማጥፊያ ቁልፉ ሲነካ ጌሙ ራሱ ሴቭ ያድርግ። ኮዱን በቀየራችሁ ቁጥር ግን የድሮው ሴቭ እንደማይከፈት ተዘጋጁ፤ ይህ ጌም ሴቭ የሚያደርገው ሜሞሪ ውስጥ ያለውን እንዳለ ገልብጦ ነው። ፋይሉ ላይ የቅጂውን ቁጥር አስቀምጡ።

በአማርኛ ይሁን ካላችሁ

ቁልፍ ማስታወሻውን በአማርኛ ላድርገው ብላችሁ ከተነሣችሁ ሥራው ከትርጉም ያልፋል። የድሮ ጌም ፊደል ቢበዛ 256 ምልክት ይይዛል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው። እነ ሏ፣ ቋ፣ ጓ፣ ነጥቦቹና አኃዙ ሲጨመሩ ሳጥኑ ሞልቶ ይፈሳል፤ እንግሊዝኛውም መቀመጫ ይፈልጋል። አዲስ የጽሑፍ መሳያ መጨመር ግድ ነው።

ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የጽሑፍ ማስቀመጫ ዘዴ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ለ30 የእንግሊዝኛ ፊደል የተለካ ቦታ 10 ፊደል ብቻ ይይዛል ማለት ነው። ኮዱ ቃሉን መሃል ላይ ከቆረጠው በፊደል ፈንታ ጥያቄ ምልክት ይወጣል። መጠኑም ያስቸግራል። «ሐ» እና «ሕ»፣ «ጸ» እና «ጹ» በ8 ፒክስል አይለዩም። እኔ ከ20 ፒክስል በታች አልወርድም። ለዚህም የዓምዱን ጽሑፍ ትቼ የታችኛዋን ማስታወሻ ብቻ አማርኛ አደረግኩ፤ 80 መስመር ላይ ቦታ አለ።

ሌላ ሰው ይያዘው

ጌሙን ኮምፒውተር ላይ የሚያውቀውን አንድ ሰው፣ ጭራሽ የማያውቀውን አንድ ሰው ጥሩ። ማጫወቻውን ስጧቸውና ዝም በሉ። «አር1ን ተጫን» ብላችሁ ከተነፈሳችሁ ፈተናው አበቃ። ያንን የመጀመሪያ ቀን ወረቀት አውጡና እንደገና መስመር አስምሩ፤ አሁን ግን ትእዛዙን ሳይሆን የተሳሳተውን ቁልፍ ቁጠሩ። የማያውቀው ሰው የሚሳሳተው ማስታወሻዋ ግልጽ ያልሆነችበት ቦታ ነው። የሚያውቀው ሰው የሚሳሳተው ደግሞ እጁ ማውስ የሚፈልግበት ቦታ ነው። የኔው ፈታኝ ሕንጻ ሊተክል ሲል በየጊዜው በስቲክ ይሞክር ነበር። ዲ-ፓዱን እንዲያስታውስ አላስተማርኩትም። ሕንጻ በእጅ ላይ ሲሆን ስቲኩም ካሬ በካሬ እንዲዘል አደረግኩት።